አንቱታው ከሚኒባሱ የወረደ ዕለት

ረውዳ ሙሐመድአሚን የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ናት። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠሩ ወንዶች አሉ፤ ሴት ግን ከእሷ ሌላ የለም። ሙያውን የወረሰችው ከአባቷ ነው። አባቷ በገበያው ዳር ባለችው ጠባብ ሱቃቸው ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲሰፉ፣ የሰው መኪና ሲጠግኑ ኖሩ። ዓይናቸው ደክሞ የመርፌውን ቀዳዳ መለየት ሲያቅታቸው ካቻቢቴውንም ፒንሳውንም ለልጃቸው አስረከቡ። ሌላ የሚያስረክቡት ልጅ አልነበራቸውም፤ እናቷ የሞተችው ገና ረውዳ ልጅ ሳለች ነው።

የስፌት መኪና ከባድ ዕቃ ነው። የአምበሩ ወይም የሉማሜው ሰፊ መኪናው ሲቆምበት ተሸክሞ ማርቆስ ከሚመጣ ረውዳ ብትሄድለት ይቀለዋል። ስለዚህ ስልክ ይደወላል፣ መንገዱ ሰላም መሆኑ ይጠየቃል፣ ሰላም ከሆነ ረውዳ የመሣሪያ ቦርሳዋን አንግታ ትወጣለች። ብቻዋን ነው የምትሄደው። ደብረ ኤልያስ ስትሄድ አንዳንዴ ታድራለች፤ ሉማሜና አምበር ደርሳ ትመለሳለች።

ሴት ልጅ ብቻዋን ስትጓዝ የምትማረውን ሁሉ ተምራለች። ሌላ ሴት ያልተሳፈረችበት መኪና ውስጥ አትገባም። መስኮት ዳር አትቀመጥም፤ መስኮት ዳር የተቀመጠች ሴት ግድግዳ ላይ የተለጠፈች ማለት ናት። ወደ በሩ ትጠጋለች። መኪናው ሳይነሣ ለአባቷ ደውላ የታርጋ ቁጥሩን ጮክ ብላ ትነግራቸዋለች። አባቷ እንደማይይዙት ታውቃለች፤ የምትጮኸው ሹፌሩ እንዲሰማት ነው። አልጋ ስትይዝ አንሶላ ከቤቷ ይዛ ትሄዳለች፣ ምክንያቱም ትራሱን አንሥታ ስታሸት የሌላ ሰው የፀጉር ቅባት ያቅለሸልሻታል። በበሩና በግድግዳው ላይ ቀዳዳ እየፈለገች በእርጥብ ሳሙና ትደፍናለች። አንድ ጊዜ ደብረ ኤልያስ ውስጥ የደፈነችበት ሳሙና ከወዲያ በኩል በክብሪት እንጨት ተገፍቶ ሲወድቅ አይታለች። ያን ዕለት ካቻቢቴዋን ይዛ አልጋው ላይ እንደተቀመጠች ነጋላት።

ከዚህ ሁሉ ግን የምትጸየፈው የገዛ አፏን ነበር። ሹፌርና ረዳት፣ አልጋ አከራይና የሻይ ቤት ደንበኛ፣ ሁሉም የሚጠይቋት አንድ ነገር ነው፤ «ብቻሽን ነሽ?» እሷም የምትመልሰው አንድ ነገር ነው፤ «ወንድሜ ሪያድ እየጠበቀኝ ነው።»

ሪያድ የሚባል ወንድም የላትም። ከጭንቅ ያመጣችው ስም ነው። ስሙ ግን እያደር አጥንትና ሥጋ ለበሰ። ሹፌሮች «ሪያድ ደኅና ነው?» ማለት ጀመሩ። አንዱ «ወንድሟ ፖሊስ ነው አሉ» ብሎ አስወራ፤ እሷም አላስተባበለችም። ወሬው ከተነዛ ወዲህ የሚያስቸግራት ሰው ቀነሰ። እሷ ግን ባልተወለደ ወንድ ስም መከበሯን ባሰበች ቁጥር መሬት ላይ ምራቋን ትተፋለች። አባቷ ይህን ልማድ አይወዱላትም። «ሴት ልጅ አትተፋም» ይሏታል። «ወንዱ ለምን ይተፋል?» ትላለች እሷም።

መስከረም ላይ ነው። ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ሰሞን የሉማሜው ልብስ ሰፊ አንተነህ ደወለላት። የተማሪ ዩኒፎርም ተከምሮበት ሳለ ሁለት መኪናዎች አከታትለው ቆመውበታል። «እባክሽ ድረሽልኝ፤ ወላጅ ሊበላኝ ነው» አላት። በማግስቱ ጧት መናኸሪያ ሄደች።

ሚኒባሱ ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። ሹፌሩ ፈንታ ይባላል፤ ያውቃታል። ከኋላ ወንበር ላይ ነጠላቸውን ያጣፉ አሮጊት ተቀምጠዋል፤ ማርቆስ ያለ ልጃቸውን ጠይቀው ወደ ሉማሜ የሚመለሱ እማማ ወለተ ሰንበት የሚባሉ ሴት ናቸው። ረውዳ ሴት መኖሯን አይታ ገባችና በሁለተኛው ረድፍ፣ ከበሩ ቀጥሎ ተቀመጠች። ታርጋውን ለአባቷ ደውላ ጮኸች። ፈንታም በመስታወቱ አይቷት ሳቀ።

የመጨረሻው ተሳፋሪ አቶ ባዘዘው ነበሩ።

አቶ ባዘዘው ሉማሜ ውስጥ አንቱ የተባሉ ሰው ናቸው። እሳቸው ያልተገኙበት ሠርግ ሠርግ አይባልም፤ እሳቸው ያልዳኙት ጠብ አይበርድም። ጥጥ የመሰለ ጋቢ ለብሰው፣ ጭራቸውን ይዘው በበሩ ብቅ ሲሉ የተሳፈረው ሰው ጣራው እየመታው ከወገቡ ብድግ አለ።

«ኖር! ኖር አያ ባዘዘው!»

«በግዜር፣ በግዜር። ተቀመጡ ልጆቼ።»

ረዳቱ ወደ ፊት ሊያስቀምጣቸው ሲል እጃቸውን አወዛወዙ። «ተወው፤ እዚህ ከልጄ አጠገብ ይበቃኛል» አሉና ረውዳ ጎን ተቀመጡ። በሩ ተዘጋ።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። የትናንት አረቄ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በላዩ ላይ የተነሰነሰ ሽቶ። ቀጥሎ ዓይኗ ጣታቸው ላይ ዐረፈ። የትንሿን ጣት ጥፍር አሳድገውታል፤ ቢጫ ነው፣ ጫፉ እንደ ማንኪያ የጎደጎደ። መኪናው ከከተማ ሳይወጣ ጥፍሩን ጆሯቸው ውስጥ ከትተው አዞሩት። አወጡት፣ አዩት፣ ጋቢያቸው ላይ ጠረጉት። ረውዳ ፊቷን ወደ ሜዳው አዞረች። ጤፉ አረንጓዴ ነበር፣ አደይ አበባው በየዳገቱ ፈንድቷል። እሱን እያየሁ እደርሳለሁ ብላ አሰበች።

«ብርድ ነው ልጄ» አሉ አቶ ባዘዘው፤ ጋቢውንም ዘርግተው የራሳቸውን ጉልበትና የእሷን ግማሽ አለበሱ።

«አልበረደኝም አባባ።»

«አይ የዛሬ ልጅ፤ ብርድ አያውቅም!»

ከኋላቸው ከተቀመጠው ሰው ጋር ወሬ ጀመሩ። ሰሞኑን ስለሚያስታርቋቸው ባልና ሚስት ነበር የሚያወሩት። ሚስቲቱ አፏ እንዳልተገራ፣ ልጆቿንም እንዳበላሸች፣ የዘንድሮ ሴት ነውር እንደማታውቅ። ይህን እያሉ፣ ፊታቸው ወደ ኋላ ዞሮ ሳለ፣ በጋቢው ሥር እጃቸው መጣ። ሞቃትና ደረቅ ነበር። ጭኗ ላይ ዐረፈና እንደ ተኛ ነገር ዝም አለ።

ረውዳ መጀመሪያ አላመነችም። መኪናው ስላንገጫገጨ ነው አለች። ቦርሳዋን ከእግሯ ሥር አንሥታ ጭኗ ላይ፣ በራሷና በሰውየው መካከል አስቀመጠች።

«ምነው ልጄ፣ ጠበበሽ?» አሉ፤ እጁም ከቦርሳው ሥር ተሽሎክሉኮ ተመለሰ።

ጎንበስ ብላ በቀስታ፣ «አባባ፣ እጅዎን ያንሡልኝ» አለች።

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ የገዛ አፏን ተጸየፈችው። «ያንሡልኝ!» እንደ ችሮታ ለመነቻቸው። ጭኗን ይዘውባት እሷ አንቱ ትላለች። ምላሷ ከእሷ ተለይቶ የሰውየው ዘመድ የሆነ መሰላት።

«የትኛውን እጅ ልጄ?» አሉ ጮክ ብለው፤ ከዚያም ወደ ኋላ ዞረው፣ «ልጅቱ ጋቢዬ ከበዳት!» አሉ። መኪናው ሁሉ ሳቀ። እጁ ግን ተነሣ። ረውዳም አለፈ ብላ ትንፋሿን መለሰች።

አምበር ላይ ሰው ወረደ፣ ሰው ገባ። ከገቡት አንዷ ሂዊ የምትባል ተማሪ ነበረች፤ ሉማሜ አክስቷ ዘንድ የምትሄድ፣ ደብተሯን ደረቷ ላይ ያቀፈች ልጅ። ወንበር ስለሞላ ረዳቱ በትርፍ፣ በበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጣት።

ከአምበር ወጥተው ጥቂት እንደሄዱ እጁ እንደገና መጣ። አሁን ጥፍሩ ነው የመጣው። ያ ከጆሮ የወጣው፣ የታየው፣ የተጠረገው ጥፍር በቀሚሷ ላይ ከጉልበቷ ወደ ላይ እየጫረ ሄደ። የሰውየው አፍ አሁንም ያወራል። «እኛ ሽማግሌዎች ባንኖር ይህ አገር...» ይላል።

ረውዳ ተነሣች። ራሷ ከጣራው ጋር ተጋጨ። ቦርሳዋ ወደቀ፣ ካቻቢቴው ተንኳኳ።

«አንተ! እጅህን ከላዬ አንሣ! ባለጌ!»

ተሳፋሪው ወደ እሷ ዞረ። ከዚያ ሁሉም በአንድ አፍ ተንጫጫ።

«አንተ አለቻቸው!»

«በስመ አብ! አያ ባዘዘውን?»

«አሳዳጊ የበደላት!»

«ሽማግሌ ሰው አንተ ይባላል? ምን ዘመን መጣ!»

ስለ እጁ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ሁሉም ያዳመጠው «አንተ»ን ብቻ ነው። ረውዳ ዕድሜው ከገፋ ሰው ሁሉ አንተ የምትለው አባቷን ብቻ ነበር፤ እሱም በፍቅር ነው። ያን ቃል ለዚህ ሰው በመስጠቷ ቆጫት። ግን የሚመልሳት አልነበረም። ባዘዘው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ለእሷ አንቱታው ተገፎበታል።

ባዘዘው ጋቢውን ወደ አንገቱ ሰብስቦ አንገቱን ነቀነቀ። «ተዉአት» አለ በሐዘን ድምፅ። «አሟት ይሆናል። ልጄ ናት።»

ፈንታ ዳር ይዞ ቆመ። በሹፌር ወንበሩ እንዳለ ዞሮ፣ «እህቴ፣ ምን ሆንሽ?» አላት።

«እጁን ጭኔ ላይ አድርጓል። ሁለት ጊዜ ተውኩት፤ አሁን አልተውም።»

ፈንታ ባዘዘውን አየ፣ እሷን አየ፣ መሪውን አየ። «እንግዲህ... እኔ አላየሁም። አያ ባዘዘውን ይቅርታ ጠይቂና እንሂድ። ካልሆነ ለሪያድ ደውዪለት፤ ወንድ ለወንድ ይነጋገሩ።»

ሪያድ የሚለውን ስም ስትሰማ ረውዳ ከእጁ በላይ አቅለሸለሻት። የተናገረችው እሷ፣ የተነካችው እሷ፤ የሚታመነው ግን ያልተወለደው ሰው።

«ወንድም የለኝም» አለች። «ሪያድ የሚባል ሰው የለም። የፈጠርሁት እኔ ነኝ፤ እንድትተዉኝ ብዬ። አሁን የምነግርህ እኔ ነኝ፣ ረውዳ።»

«አያችሁ!» አለ ከኋላ አንድ ሰው። «ወንድም ፈጥራ የዋሸች፣ ይህን አትዋሽም?»

ብዙዎች በዚህ ተስማሙ። ነገሩ የተፈታ ያህል ፊታቸው ዘና አለ። ረዳቱም በሩን ከፈተ። «ውረጂ በቃ። ሰው አታስመሽብን።»

ጧት ነበር፤ ማንም የሚመሽበት አልነበረም። ረውዳ ካቻቢቴዋን ለቅማ፣ ቦርሳዋን አንግታ ወረደች። የደጋው ነፋስ ፊቷን ሲመታው ደስ አላት። በእግሬ እሄዳለሁ፣ ከዚህ ሽታ ሞት ይሻላል አለች በልቧ። መሬቱ ላይ ምራቋን ተፋች።

ከኋላዋ የረዳቱን ድምፅ ሰማች። «ነይ አንቺ ተማሪ፣ ቦታ ተለቀቀ። ከአባባ አጠገብ ተቀመጪ።»

ዞረች። ሂዊ ደብተሯን እንዳቀፈች ከበርጩማው ተነሥታ ጎንበስ ብላለች። ባዘዘው ጋቢውን በአንድ እጁ ዘርግቶ ይጠብቃታል።

«ነይ ልጄ» አለ። «ብርድ ነው።»

ያው ቃል ነው፤ ድምፁም ያው። ረውዳ ወደ መኪናው ተመልሳ ቦርሳዋን የበሩ መንሸራተቻ ላይ ጣለችው። ረዳቱ በሩን ሲስብ ብረት ከብረት ጋር ተጋጭቶ ቆመ።

«እዚያ አትቀመጪ!» አለቻት ሂዊን።

ልጅቷ እንደጎነበሰች ደረቀች።

«ቦርሳሽን አንሺ!» ረዳቱ ገፋት።

«አላነሣም። እሷ እዚያ ከተቀመጠች ይህ መኪና እኔን ሳይረግጥ አይሄድም። ከፈለግህ ንዳው።»

ረዳቱ እጁን ሊሰነዝር ሲቃጣ ከኋላ ወንበር ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ልጅቱ ወደ እኔ ትምጣ።»

እማማ ወለተ ሰንበት ነበሩ። ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አውርደዋል።

«እማማ፣ እርስዎ አይግቡበት» አለ ፈንታ።

«የገባሁትስ ድሮ ነው ልጄ። ባለፈው ሁዳዴ ከማርቆስ ስመለስ ይኸው ሰውዬ ጎን ነበር የተቀመጥሁት። ይኸው ጋቢ እኔንም አልብሶኛል። በዚህ ዕድሜዬ! የልጅ ልጅ አይቼ!» ተሳፋሪውን አንድ በአንድ አዩ። «ማን ያምነኛል? አሮጊቷ ጃጀች ይሉኛል፣ ልጆቼ ያፍሩብኛል ብዬ ዋጥኩት። ቤቴ ገብቼ ቀሚሴን ሦስት ውሃ አጠብኩት፤ አልጸዳ አለኝ። ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።»

ባዘዘው ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ ተቆረጠ። «ወለተ ሰንበት፣ እውነትም ጃጅተሻል።»

«ጃጅቼ ይሆናል» አሉ እማማ። «እጅና ጋቢ መለየት ግን አላቃተኝም።»

ከዚህ በኋላ አንዱ ስልኩን አወጣ፣ አንዱ አሳለ። ከአፍታ በፊት አሳዳጊ የበደላት ያለው ሰውዬ የጫማውን ማሰሪያ ያጠብቃል። ሂዊ በሰው ጉልበት ላይ ተራምዳ ሄዳ እማማ ጎን ተሸጎጠች።

ፈንታ ጉሮሮውን ጠረገ። «በቃ፣ ነገር አናብዛ። አያ ባዘዘው ወደ ጋቢና ይምጡልን። ጋቢና ያለኸው ወንድሜ፣ አንተ ወደ ኋላ ሂድላቸው።»

ባዘዘው ቀስ ብሎ፣ ጭራውን ይዞ ወረደ። ሲወርድ ሲያልፍ፣ ከልማድ ይሁን ከፍርሃት፣ ሁለት ሦስት ሰዎች ከወገባቸው ብድግ አሉ።

«ኖር።»

«በግዜር» አለና ከመኪናው ሁሉ የተሻለው ወንበር ላይ ተደላደለ። ቅጣቱ ይህ ነበር። ረውዳ ይህን እያየች በሩ ላይ ቆመች፤ ልትስቅ ከጀለች፣ ግን የሚመጣው ሳቅ አልነበረም። ትታቸው በእግሯ ልትሄድ ነበር። ሂዊ ከኋላ ሆና ስታያት ግን ቦርሳዋን አንሥታ ገባችና ከሁለቱ አጠገብ ተጨናንቃ ተቀመጠች።

መንገዱን ሁሉ የባዘዘውን ማጅራት እያየች ሄደች። ንጹሕ፣ የተላጨ፣ የተከበረ ማጅራት ነው።

«እንዴት ድምፅሽ ወጣልሽ?» ብላ ሂዊ በሹክሹክታ ጠየቀቻት።

ረውዳ አሰበች። «እኔ አላወጣሁትም» አለች። «እንደ ትውከት ነው የመጣው።»

እማማ ወለተ ሰንበት በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ምናለ ያኔ በመጣልኝ» አሉ።

ሉማሜ ወሬው ከመኪናው ቀድሞ ደርሷል። አንተነህ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ነበር። ውስጥ የተቆረጠ የዩኒፎርም ጨርቅ እስከ ወገብ ተከምሯል፤ ሁለቱ መኪናዎች አፋቸውን ከፍተው ቆመዋል። ሰላምታውን አሳጥሮ ወደ ውስጥ አስገባት።

«ረውዳ፣ ትሠሪልኛለሽ፤ ግን መጀመሪያ አያ ባዘዘው ቤት ደርሰን እንምጣ። ጉልበታቸውን ስመሽ ነገሩ ይብረድ። ይህ ቤት የእሳቸው ነው፤ ያከራዩኝ እሳቸው ናቸው።»

«ጉልበቱን?» አለች። «ጉልበቱ ከእጁ ምን ያህል ይርቃል?»

አንተነህ በሩን አየ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወላሂ በይኝ አልልሽም፤ አምንሻለሁ። እውነትሽን ነው። ሁላችንም እናውቃለን።»

ረውዳ ካቻቢቴዋን ልታወጣ ቦርሳዋን ከፍታ ነበር። እጇ እዚያው ቀረ።

«ሁላችሁም ታውቃላችሁ?»

«ማን የማያውቅ አለ? ሽማግሌ ናቸው፣ ምን ይደረጋል! ያገሩ ሴት ያውቅባቸዋል፣ አጠገባቸው አይቀመጥም። አንቺ የሰው አገር ሰው ሆነሽ ነው።»

የባዘዘው እጅ ሲነካት የተሰማት ጸያፍ ስሜት አንድ ነገር ነበር። ይህ ሌላ ነው። አንተነህ ክፉ ሰው አይደለም፤ ስትመጣ ምሳ ሳያበላት አይሰዳትም፣ ሚስቱ ስትወልድ ለረውዳ አባት ደውሎ የምሥራች ያለ ሰው ነው። ያ ደግ ፊት እያያት «ሁላችንም እናውቃለን» ሲል ከተማው ሁሉ፣ ሻይ ቤቱም ሱቁም፣ በአንድ ጋቢ ሥር የተቀመጠ መሰላት።

ቦርሳዋን ዘጋች።

«ረውዳ! የልጆቹ ልብስ! ሰኞ ትምህርት ነው እኮ!»

«ለእሱ ንገረው። ሁሉን የሚዳኝ እሱ አይደለም?»

ወጥታ በመስጊዱ አጥር አጠገብ ካለው ቧንቧ እጇንም ፊቷንም ታጠበች። ቀሚሷን ከላይ በውሃ አራሰችው፤ ሰው ያያታል ብላ አላሰበችም። ከዚያ የመጀመሪያውን መኪና ይዛ ማርቆስ ገባች። መንገድ ላይ «ብቻሽን ነሽ?» ያላት ረዳት ነበር። «ብቻዬን ነኝ፤ ምን ልሁን?» አለችው። ረዳቱ ወደ ሌላ ተሳፋሪ ዞረ።

አባቷ ቀድመው ሰምተዋል። ሱቁ ውስጥ በጨለማው ጥግ ተቀምጠው፣ ድምፅዋን ሲሰሙ ፊታቸውን አዞሩ።

«አንተ አልሽው አሉ።»

«አልኩት።»

«እኔንም የምትዪኝ አንተ ነው።»

«እሱ ነው የቆጨኝ፣ አባ። ያንተን ቃል ሰጠሁት።»

አባቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ፣ «ከዛሬ ወዲያ ሉማሜ አትሄጂም» አሉ።

«እሱስ?»

«ማን?»

«ባዘዘው። ነገ ሚኒባስ አይገባም? እሱን ማን ከለከለው?»

አባቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። እሷም ተናደደች፤ አንድ ቤት ውስጥ ለቀናት ተኳርፈው ከረሙ።

በሳምንቱ ሽማግሌዎች መጡ። ከሉማሜ የመጡ፣ ጋቢ የለበሱ፣ ለስላሳ ቃል የሚናገሩ ሰዎች ናቸው። አባቷ ሙሐመድአሚን ወንበር አስመጡላቸው፣ ለስላሳ አስከፈቱላቸው። ረውዳ ከስፌት መኪናው ኋላ ሥራዋን ሳትተው አዳመጠች።

«ሼህ ሙሐመድአሚን፣ ልጅ ናት፤ ልጅ ይሳሳታል። አያ ባዘዘው ተቀይመዋል፤ ግን ትልቅ ሰው ናቸው፣ ይምራሉ። አንድ ጊዜ መጥታ ይቅር በሉኝ ብትላቸው...»

ሙሐመድአሚን በደከመ ዓይናቸው የተናጋሪውን ፊት እየፈለጉ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «እጁ የት ነበር?» አሉ።

ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠራርጎ ስለ ጉርብትና፣ እስላምና ክርስቲያን አብሮ ስለኖረበት ዘመን አወራ። ያማረ ንግግር ነበር።

«እውነት ነው፣ አብረን ኖረናል» አሉ ሙሐመድአሚን። «እጁ ግን የት ነበር?»

ሌላው ተቀበለው። ስለ ሰይጣን፣ ስለ አለመግባባት፣ ስለ መኪናው መጣበብ ተናገረ። ሙሐመድአሚን ጨርሶ እስኪያበቃ ጠበቁት። «ከእናንተ መካከል ሴት ልጁን ከእሱ ጎን የሚያስቀምጥ ማን ነው? እሱ ይናገር፤ ልጄን ይዤ እመጣለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ለስላሳቸውን ጠጡ። ጨርሰው ሲነሡ አንዱ «እንግዲህ እናያለን» አለ። ሲወጡ ረውዳን ያያት አልነበረም።

አባቷ ያን ቀን ሌላ ነገር አልተናገሩም። ማታ ላይ ብቻ፣ «ሉማሜ መሄድ ከፈለግሽ የአንቺ ነገር ነው» አሉ። ልባቸው እንዳልፈቀደ ያስታውቃል፤ ቢሆንም አሉት።

የሉማሜ ሰፊዎች ለረጅም ጊዜ አልደወሉላትም። ከማርቆስ ሌላ ጠጋኝ ይወስዱ ነበር። ባዘዘው ዛሬም ሠርግ ይባርካል፣ ጠብ ይዳኛል፤ ሰውም ብድግ ይልለታል። የተለወጠ ነገር ቢኖር ረዳቶቹ ናቸው። ከሩቅ ሲያዩት «ጋቢና! ለአባባ ጋቢና!» ይላሉ። እሱ ክብሬ ጨመረ ብሎ ያስባል ይላሉ። እማማ ወለተ ሰንበት ለማኅበርተኞቻቸው ሁሉ ስለ ነገሩ ነግረዋል፤ ሴቶቹም ረዳቱ ጋቢና ብሎ ሲጮህ ለምን እንደሆነ ያውቃሉ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይተያያሉ። ረውዳ ይህን ስትሰማ ደስ እንዲላት የጠበቁ ነበሩ። እሷ ግን፣ «ታዲያ አሁንም ፊት ነው የሚቀመጠው» አለች።

ጥር ላይ አንተነህ የአንዱን የስፌት መኪና ራስ በጆንያ ጠቅልሎ፣ በትከሻው ተሸክሞ ሱቃቸው መጣ። ላቡ ይንጠባጠባል። ረውዳ ፈታችው፣ ዘይት አጠጣችው፣ የታጠፈውን ብረት አቀናችው። ቡና ይዘዝልህ አላለችውም፤ ውሃ ግን ሰጠችው።

«ሉማሜ መቼ ትመጫለሽ?» አላት ሲጨርሱ፣ ዓይኑን ከጆንያው ሳያነሣ።

«መንገዱ ሲጸዳ።»

«ሰሞኑንማ ሰላም ነው፤ መኪና እንደልብ ነው።»

ረውዳ እጇን በጨርቅ ጠረገች። አንተነህ ጥቂት ቆይቶ ነገሩ ገባው መሰለ፣ ጆሮው ቀላ። መኪናውን ተሸክሞ ወጣ።

ሉማሜ የሄደችው ከፋሲካ በኋላ ነው። ፋኢዛ የምትባል የሉማሜ ልብስ ሰፊ ደውላላት ነበር፤ «ነይ፣ እኔ ጋ ነው የምታድሪው» ብላ። ረውዳ መናኸሪያ ሄዳ በበሩ በኩል ተቀመጠች። ጎኗ አንድ ጎረምሳ መጥቶ ተቀመጠና ጉልበቱን በሰፊው ከፈተ።

«ጉልበትህን ሰብስብ» አለችው፤ ያለ እባክህ፣ ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ።

ጎረምሳው ደንግጦ ሰበሰበ። ከፊታቸው የተቀመጠች ሴት ዞር ብላ አየቻት፤ ፊቷን አጨማዳለች፣ ምን ዓይነት ባለጌ ሴት ናት በሚል ዓይን። ረውዳ መልሳ አየቻት። መኪናው ተነሣ።